አጎቴ ሽማግሌ ላከ፤ አፌ ግን «ይቅር» አልል አለኝ

የቢቸናው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽጉ ሲመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያኔ አገር ቤት የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ውስጥ ሥልጣን የነበረው «ቢሮክራሲ» ይባልና የሚተውለት አራት ጥማድ ብቻ ነበር። አንድ ሄክታር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ተወስዶ ለሌላ ይከፋፈላል።

አባቴን ፊደል ስለቆጠረ ብቻ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ አድርገውት ነበር። ስምንት ወር ሠራ። ከዚያ ታመመና ተወው። በስብሰባው ላይ ቆሞ ይህንኑ ሲናገር ታናሽ ወንድሙ፣ ማለትም አጎቴ፣ ብድግ አለ። «ስምንት ወር አይደለም፤ ሦስት ዓመት ነው» አለ። አለቀ። ወንድም በወንድሙ ላይ ከመሰከረ ማን ይጠራጠራል? ከአሥራ አንድ ጥማድ አራት ቀረን። ከተወሰደብን ውስጥ ሁለቱ ጥማድ፣ ያውም ወንዙ ዳር ያለው ጥቁር አፈር፣ ለአጎቴ ደረሰው። ያን ጊዜ አዲስ ያገባ ነው፤ መሬት አልነበረውም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ የሚናገር ሰው አልሆነም። «ስምንት ወር» የምትለው ቃል ግን ከአፉ አልጠፋችም። እራት ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ስምንት ወር እኮ ነው» ይላል። እናቴ ዝም ብላ ወጥ ትጨምርለታለች። ከሰባት ዓመት በፊት ዐረፈ። አጎቴ ለቀብሩ መጥቶ ነበር። ጀርባዬን ሰጠሁት።

አሁን አጎቴ ታሟል። ኩላሊት ነው አሉ። ሦስት ሽማግሌ ወደ እናቴ ልኮ «ልጁ ይምጣልኝ፤ ታርቄ ልሙት» ብሏል። እናቴ ደውላ «እኔ ብያለሁ፤ አንተም ናና በል» አለችኝ። አልችልም አልኋት።

የባሰ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ይኼ ነው። ለፍልሰታ ልቆርብ ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግረን ነበር። «የተጣላኸው ሰው አለ?» ሲሉኝ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ አባታችን ሆይ ስደግም «እኛም የበደሉንን» ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። እዘላታለሁ። እውነቴን ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰውየው በደሉን በአፉ ሳያምን ይቅር የማለት ግዴታ አለብኝ? ደግሞስ የተበደለው አባቴ ነው፤ በሞተ ሰው ፈንታ ይቅር ማለት እችላለሁ?


ጮቄ ሥር፦

አይዞህ ወንድሜ። አባትህን ነፍስ ይማር። በሽግሽጉ ያልተቃቃረ ቤት በእኛም ቀበሌ የለም። እኔ መልስ የለኝም፤ ግን ብቻህን እንዳልሆንህ እወቅ።


ከአማኑኤል፦

እኔ በግልጽ ልናገር። ጌታ ራሱ በሉቃስ 17፥3 «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፤ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ነው ያለው። «ቢጸጸት» የምትለዋን እናንብባት። አጎትህ ሽማግሌ ላከ እንጂ «ዋሽቻለሁ» አላለም። ታሞ ስለፈራ ነው የላከው። እሱ «ሦስት ዓመት ያልሁት ውሸት ነው» ብሎ ሳያምን አንተ ሮጠህ ሄደህ ብታቅፈው ውሸቱን አጸደቅህለት ማለት ነው። የአባትህ ስም የት ይገባል? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው አገራችን ዝም ብሎ አይደለም። መጀመሪያ ይመን።


ዋሸራ ያለፈ፦

ወንድሞቼ፣ ቅኔ ቤት የቆየሁ ሰው ነኝና በቃሉ በኩል ልግባ።

አባታችን ሆይን በግእዝ ስንደግም «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ፣ ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ» እንላለን። «ኀደገ» ማለት ተወ፣ ለቀቀ፣ ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ጴጥሮስና እንድርያስ መረባቸውን ትተው ጌታን ተከተሉት ሲል ወንጌሉ የሚጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው። «ኀደጉ መሣግሪሆሙ»። እንግዲህ በጸሎታችን የምንለው «ተውልን፤ እኛም እንደምንተው» ነው።

የእኛም አማርኛ ያው ነው። «ይቅር» ከ«ቀረ» የመጣ ነው። ይቅር ማለት በቃ ይቅር፣ ከእኔ ጋር አይምጣ፣ እዚያው ይቀመጥ ማለት ነው። «አልነበረም» ማለት አይደለም። «ትክክል ነበር» ማለትም አይደለም። ያልነበረ ነገር ይቅር አይባልም። ሰው ይቅር የሚለው የነበረን፣ ያውም ክፉ የነበረን ነገር ነው።

ስለዚህ ወንድማችን ከአማኑኤል፣ «ውሸቱን አጸደቅህለት» ባልከው አልስማማም። ይልቅ «ይቅር» የምትለው ቃል በራሷ «በድለኸኛል» የሚል ክስ አላት። ሽማግሌዎች ፊት «ይቅር ብዬሃለሁ» ስትለው በደሉን በሰው ፊት መሰከርህበት ማለት ነው።

የሉቃሱን ጥቅስ አልሸሽም። እውነት ነው፣ «ቢጸጸት» ይላል። ነገር ግን ያው ሉቃስ በምዕራፍ 23 ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ «ይቅር በላቸው» ብሎ ሲጸልይ ያሳየናል። ያን ጊዜ የተጸጸተ አልነበረም። ልብሱን እየተካፈሉ ነበር። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። መተው የእኔ ነው፤ ዛሬም ይቻላል። መታረቅ የሁለታችን ነው፤ ለዚያ የእሱ ንስሐ ያስፈልጋል። መምህራን ካላችሁ አርሙኝ።


የቡሬዋ፦

ዋሸራ ያለፈው ወንድሜ «መተውና መታረቅ ሁለት ናቸው» ያለው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ከአምስት ዓመት በፊት የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ።

ባለቤቴ ይመታኝ ነበር። ዝርዝሩን አልጽፍም። ከቤት በወጣሁ ቁጥር ሽማግሌ ይመጣል። ሁልጊዜም ቃላቸው አንድ ነው። «ይቅር በይውና ግቢ።» ሁለቱን ቃል አንድ ላይ አስረው ነው የሚያመጡት። አንዱን እንቢ ስል ሁለቱንም እንቢ ያልኩ እመስላለሁ። «ክርስቲያን አይደለሽም ወይ? ለልጆችሽ አታስቢም?» ሁለት ጊዜ ገባሁ። ሁለቴም ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ሦስተኛ ጊዜ ለንስሐ አባቴ ሄጄ አለቀስሁ። እሳቸው ያሉኝን እስክሞት አልረሳውም። «ልጄ፣ ይቅርታ የልብሽ ነው፤ ቤት መግባት የእግርሽ ነው። ስለ ልብሽ እግዚአብሔር ይጠይቅሻል። እግርሽን ግን ማንም አያስገድድሽ።»

ዛሬ ባሕር ዳር ነኝ። እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አከፋፍላለሁ። ልጆቹ አባታቸውን ሄደው ያያሉ፤ አልከለክልም። ባለፈው ጥምቀት ሕዝብ መሐል ፊት ለፊት ተገናኘን። ሰላም አልኩት። እጄን አየሁት፤ አልተንቀጠቀጠም። ድሮ ድምፁን ከሩቅ ስሰማ የያዝኩት ነገር ከእጄ ይወድቅ ነበር። ይቅር እንዳልኩት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ወደ ቤቱ ግን አልተመለስኩም። አልመለስም።

ወንድሜ የቢቸናው፣ ሽማግሌ ስለመጣ ብቻ አትሂድ። ሄደህም ያልሆነውን ሆነ አትበል። ግን ለራስህ ስትል ጸሎትህን መልሰህ አግኛት። አንዲት ቃል እየዘለሉ መጸለይ ከባድ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።


የቢቸናው፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። እናቴ ሻይ ቤት እንድከፍት ገንዘብ የሰጠችኝ እንጀራ ጋግራ ነው። ጽሑፍሽን ሳነብ እሷ መጣችብኝ።

ወንድም ከአማኑኤል፣ የተናገርኸው እኔ ለብዙ ዓመት ለራሴ ስናገረው የኖርሁት ነው። ስለዚህ አልተቀየምሁህም። ብቻ አንድ ነገር አስተዋልሁ። «መጀመሪያ ይመን» እያልሁ ስጠብቅ ቁልፉን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። እሱ ካላመነ እኔ አልቆርብም። እሱ ሳያምን ከሞተ ደግሞ እኔ ዕድሜ ልኬን አልቆርብም ማለት ነው? ይኼ ከበደኝ።


ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦

ልጆቼ፣ የእኔን ስሙኝ።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንዲት የባሕር ዛፍ መደብ ተጣላን። በዛፍ! ዐሥራ አራት ዓመት አልተነጋገርንም። የምንሳለመው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እሱ ጽዱ ሥር ይቆማል፤ እኔ ግራሩ ሥር። ሰዉም ለምዶት ነበር። ስቅለት ለት አብረን ስንሰግድ እንውላለን። ማታ ተሰልፈን ካህኑ በወይራ ቅጠል ይጠበጥቡናል፤ በዚህ መሐል ሦስት ሰው አለ፤ እሱ አራተኛ እኔ ስምንተኛ። ቅጠሉ በጀርባው ላይ ሲያርፍ ድምፁን እሰማዋለሁ። ከነገ ወዲያ ፋሲካ ነው። ወደየቤታችን እንሄዳለን።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ መሰላችሁ።

አንድ ማክሰኞ ንጋት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ማን ነው ስል የወንድሜን ስም ጠሩ። ልብስ ለብሼ የሮጥሁበትን መንገድ አላስታውሰውም። ስደርስ ገንዘውታል። ፊቱን እንዲገልጡልኝ ለመንሁ። ካህኑ አዘኑልኝና ገለጡልኝ። «ይቅር በለኝ» አልሁት። ይቅር ብየሃለሁ የሚል ሰው ግን አልነበረም። ዛፏን በኋላ ልጆቹ ቆርጠው ሸጧት። ስንት እንደተሸጠች አልጠየቅሁም።

ልጄ የቢቸናው፣ አጎትህ በሕይወት አለ። ሽማግሌም የላከው እሱ ነው። እኔ ያላገኘሁትን አንተ አግኝተሃል።

ሁለተኛውን ጥያቄህን በተመለከተ ደግሞ፣ በአባትህ ፈንታ ይቅር ማለት አትችልም። የአባትህን ድርሻ አባትህ ይዞት ሄዷል፤ ፈራጁ ዘንድ ነው ያለው። አንተ የምትተወው ያንተን ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ እራት ላይ ተቀምጦ የሰማውን። ሰባት ጥማድ ባለመኖሩ ያጣኸውን። አባትህ ዝም ያለበትን ዓመታት። ያ ያንተ ነው፤ እሱን መተው ትችላለህ።


ጣና ዳር፦

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ከተፈቀደልኝ አንድ ነገር ልበል። በእኛ በኩል ቶሎ ብሎ «ያለፈውን እርሳው» የሚል ምክር ይበዛል። ፊልጵስዩስ 3፥13 ይጠቀሳል፤ «በኋላዬ ያለውን እየረሳሁ» የሚለው። ግን ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጥቂት ቁጥር ከፍ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያንን አሳዳጅ እንደነበረ ራሱ ይጽፋል። አልረሳውም ማለት ነው። ያስታውሰዋል፤ ግን ወደዚያ አይሄድም። ለዓመታት «መርሳት አልቻልኩምና ይቅር አላልኩም» እያልኩ ራሴን ስከስ ኖሬ ይህን ሳይ ነው ያረፍኩት።


ዲያቆን ከደጀን፦

የሁላችሁም መልካም ነው። ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። እልፍ መክሊት ዕዳ የተማረለት ባሪያ ወጥቶ በመቶ ዲናር ጓደኛውን አነቀው። እኛ ስንሰብከው መቶውን ዲናር ጥቂት ገንዘብ እናደርገዋለን። «ለትንሽ ነገር አነቀው» እንላለን። ይኼ ልክ አይደለም።

በማቴዎስ 20 ላይ እንደምናየው አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ ነው። እንግዲህ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ሥራ ነው። ከሦስት ወር በላይ! ደጀን ላይ ድንጋይ የሚጭን ልጅ የሦስት ወር ደመወዙን ቢክዱት ትንሽ ነው? ጌታ «ቁስልህ ትንሽ ነው» አላለም። ቆጥሮ፣ አውቆ፣ በቁጥር አስቀመጠልን። ቀጥሎ ግን የሌላውን ዕዳ አሳየን። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ነው። እልፍ ሲሆን 60,000,000 የሥራ ቀን። ማንም ሰው ኖሮ የማይከፍለው። ያንተ ሰባት ጥማድ ትልቅ ነው ወንድሜ። ማንም አያሳንስብህ። ያንን ይዘህ ነው በዚያ ትልቅ ዕዳ ፊት የምትቆመው።

ሌላው ዮሴፍ ነው። የበኵር ልጁን ምናሴ ያለው «እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ» ሲል ነው። ዘፍጥረት 41። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ሲመጡ ግን ምን ሆነ? ከፊታቸው ዘወር ብሎ አለቀሰ። ደግሞ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፤ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ጩኾ ሲያለቅስ የፈርዖን ቤት ሰማ። «አስረሳኝ» ያለው ሰው ነው ይኼ። ደግሞም ወዲያው አልተገለጠላቸውም። ልባቸው ተለውጦ እንደሆነ ፈተናቸው። ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን ባሪያ አድርጎ ሲያቀርብ ነው የከፈተላቸው። ስለዚህ ጊዜ ቢወስድብህ፣ ብታለቅስ፣ አጎትህን ብትጠይቀው ኃጢአት አይደለም። ጠይቀው።

በቅዳሴ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብለን ስናውጅ ሕዝቡ ወደ ጎን ዞሮ እርስ በርሱ እጅ ይነሣሣል። ከመቅደሱ ደጃፍ ሆኜ ሁልጊዜ አያለሁ። አንዳንዱ ወደ ቀኝ ብቻ ይዞራል። በግራው የቆመውን ስለማይፈልገው ነው። ሲቆርብ አላየውም።


ከአማኑኤል፦

ዲያቆን፣ «ጠይቀው» ያልኸው ላይ እስማማለሁ። የመቶ ቀኑንም አላሰብሁትም ነበር። እኔም በግሌ የያዝሁት ነገር ስላለ ነው የምከራከረው። አንድ ቀን እጽፈዋለሁ።


የቢቸናው፦

ዓርብ እሳፈራለሁ። ይቅር ልል አይደለም፤ ልጠይቀው ነው። ጸልዩልኝ።


የቡሬዋ፦

በሰላም ግባ። እናትህን ሳምልኝ።


የቢቸናው፦

ተመልሻለሁ። ስድስት ቀን ሆነኝ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው ያልጻፍሁት።

አባይን ስንሻገር ጉም ነበር። ከቢቸና በኋላ ያለውን በእግሬ ሄድሁ፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። የአጎቴ ልጅ ወንዙ ዳር ያለውን መሬት ለጤፍ በከብት እያስረገጠ ነበር። ያንን ጥቁር አፈር። ሲያየኝ ጅራፉን ጥሎ መጣና ሻንጣዬን ተቀበለኝ። አልሰጥህም ልል ነበር፤ ሰጠሁት። እሱ ያኔ አልተወለደም ነበር።

እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። «አባቴ ሳይሞት ስለ አጎቴ ምን አለ?» አልኋት። «ቄሱ ገብተው አናዘውታል። ያለውን እሳቸውና እግዜር ያውቃሉ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

በማግሥቱ ሦስቱ ሽማግሌዎችና የደብሩ ቄስ ባሉበት አጎቴ ቤት ገባን። መደብ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ግዙፍ ሰው ነበር። አሁን ጋቢው ብቻ ነው ያለው። በአገራችን ደንብ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ሽማግሌዎቹ «ታሟል፤ ይቅርበት» ብለው ነበር። እሱ ግን አልሰማም። ልጁን ልኮ ከወንዙ ዳር መሬት ወሰን ላይ ድንጋይ አስመጥቷል። የቡጢ ሁለት እጥፍ የምታህል ናት። ትከሻው ስለማይችል ጭኑ ላይ ይዟት ተቀምጧል። ጭቃዋ ገና አልደረቀም። ጋቢው ላይ እየወረደ ነበር።

ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ስምንት ወር ነበር» አለ።

ማንም አልተናገረም። እንደገና «ወንድሜ ጸሐፊ የሆነው ስምንት ወር ነበር። አውቅ ነበር። መሬት አልነበረኝም፤ ሚስቴ እርጉዝ ናት። አውቅ ነበር» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ምን እንደሆንሁ አላውቅም። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያቺን ቃል ከአባቴ አፍ ብቻ ነው የሰማኋት። ከሌላ ሰው አፍ ስትወጣ አባቴ ቤት ውስጥ የገባ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ አላጣደፉኝም። በጣም ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ተነሥቼ ድንጋዩን ከጭኑ ላይ አነሣሁለትና መሬት አስቀመጥሁት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ቄሱ «ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት። በመስቀላቸው ባረኩን።

መሬቱን እመልሳለሁ ብሏል። ልጁ አራት ልጆች አሉት። እሱን ጉዳይ ሽማግሌዎቹ ለመስከረም ቀጥረውታል፤ እኔም ገና አልወሰንሁም።

አሁን የማልዋሻችሁ ነገር። ስመለስ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ መኪናው ለምሳ ሲቆም፣ ንዴቱ ተመልሶ መጣ። እንደ ድሮው። «አውቅ ነበር» ያለው ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። አውቆ ነው እኮ! እንጀራው አልወረደልኝም። ታዲያ ይቅር ያልሁት ውሸቴን ነበር ማለት ነው?


ዋሸራ ያለፈ፦

የለም ወንድሜ፣ አልዋሸህም። ጴጥሮስ «ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው? እስከ ሰባት ጊዜ ነውን?» ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠውን መልስ ታውቀዋለህ፤ ሰባ ጊዜ ሰባት። ሁልጊዜ አራት መቶ ዘጠና የተለያየ በደል አድርገን ነው የምናስበው። እኔ ግን በራሴ ሕይወት ያየሁት አንዱ በደል ራሱ አራት መቶ ዘጠና ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ቤቱ ስትታረቅ አንድ ጊዜ ተውኸው። ጎሐ ጽዮን ላይ ሁለተኛ መጣ። እዚያም «ይቅር» በለው። ሦስተኛ ሲመጣም እንደዚያው። ያቺን ድንጋይ አንድ ጊዜ መሬት አስቀምጠሃታል። ዳግመኛ ጭንህ ላይ ብታገኛት አትደንግጥ፤ አሁንም አስቀምጣት።


ዲያቆን ከደጀን፦

በዚህ ላይ ለንስሐ አባትህ የሆነውን ሁሉ ንገራቸው፤ የጎሐ ጽዮኑንም ጭምር። ስሜቱ ስለተመለሰ ብቻ ራስህን ከቁርባን አታርቅ፤ እሳቸው ይፍረዱ።


የቢቸናው፦

ነግሬአቸዋለሁ። «ፍልሰታ ሲገባ ጀምረህ ጹም፤ በፍቺው እናያለን» ብለውኛል። ትናንት ማታ አባታችን ሆይን ሙሉውን ደገምሁ። ቀስ ብዬ ነው የደገምሁት።


የቡሬዋ፦

እልልል። አለቀስሁ እኮ።


ከአማኑኤል፦

ከሦስት ቀን በፊት ጽፌ አጠፋሁት። አሁን እጽፈዋለሁ።

ከእህቴ ጋር አንነጋገርም። ስድስት ዓመት ሆነን። በአባታችን ቤት ነው። እሷ የበደለችኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል። ግን የቢቸናው ወንድሜ አጎት «መሬት አልነበረኝም» ሲል፣ እህቴም ያን ጊዜ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጅ ይዛ እንደነበር ትዝ አለኝ። አልጠየቅኋትም። አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነሽ» አላልኋት። ስልኳ አለኝ። ደወልሁ፤ አላነሣችም። እንደገና ለመደወል ፈራሁ።

ጋሼ መምህር፣ ማርቆስ ነዎት አይደል? እህቴም እዚያው ናት፤ አብማ ማርያም አካባቢ። ሽማግሌ የሚሆነኝ ሰው የለኝም። ድፍረት ካልሆነብኝ።


ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦

ምን ድፍረት አለው ልጄ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብማ ማርያም በር ላይ ጠብቀኝ። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ ይዣለሁ። እኔ አንድ ጎረቤቴን ይዤ እመጣለሁ፤ አንተ ደግሞ እህትህ የምታከብረው ሰው ካለ አስብበት። የልጆቿን ስም አሁን በውስጥ መልእክት ላክልኝ፤ ስንገባ በስማቸው ልጥራቸው።